በአበባ የተሸፈነው መስኮት

አንድ የስፖርት መምህር በአንዲት ዳገታማ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ወንድይራድ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ስላስተማረ፣ በከተማዋ ውስጥ የእሱን ፊሽካ ሰምቶ ያልሮጠ ጎልማሳ ማግኘት ይከብድ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠዋት ጠዋት ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ይመለሳል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ በስሙ ጠርቶ ሰላም ይላል። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የሳሎኑ መስኮት ከመንገዱ የሚርቀው አምስት እርምጃ ያህል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሆስፒታል ተወስዶ ሕይወቱ ተረፈ፤ ግራ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለው። አፉ ወደ አንድ በኩል ተጣመመ፣ ንግግሩም እየተቆራረጠ የሚወጣ ሆነ። ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ሲሸኙት ባለቤቱ ጥሩወርቅ አልጋውን ከጠባቡ መኝታ ቤት አውጥታ ሳሎን ውስጥ፣ ልክ በመስኮቱ ትይዩ ዘረጋችለት። ብርሃን እንዲያገኝ ብላ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቹ ሊጠይቁት እየመጡ ገና ከበሩ ሲያዩት ያለቅሳሉ። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ መስኮቱ ጋ ቆሙ። አንደኛዋ አፏን በእጇ ይዛ፣ ያ ሰውዬ እንዲህ ሆኖ ቀረ ወይ ብላ ለጓደኛዋ ስትናገር ጥሩወርቅ ሰማች። ዞር ብላ ባሏን አየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ያን ቀን ጥሩወርቅ ቆረጠች። ከእንግዲህ ባሌን እንዲህ ሆኖ ማንም አያየውም አለች። መጋረጃውን ቀኑን ሙሉ መዝጋት ግን አልፈለገችም፤ ቀን ለቀን መጋረጃው የተዘጋ ቤት መንገደኛ ሁሉ ምን ሆነው ይሆን እያለ የሚጠይቅበት ቤት ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰበች። ከገበያ ባለ ሁለት ደርብ የእንጨት መደርደሪያ ገዝታ መስኮቱ ፊት አቆመች። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆኑትን፣ ሐረግ የሚጥሉትን፣ ቀይና ሐምራዊ የሚያብቡትን እየመረጠች አመጣች። ሸክላው ሲያልቅባት የተቆረጠ ጀሪካንና የወተት ጣሳ እየቀባች ተከለችባቸው። በሁለት ወር ውስጥ ከመንገድ ሲታይ መስኮቱ ቅጠልና አበባ ብቻ ሆነ።

ሊጠይቅ ለሚመጣ ሰው፣ ሐኪም ዕረፍት አዞለታል፣ አሁን ተኝቷል ትለው ነበር። ሰዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ተዉት። የተወሰኑት ወደ ዘመዶቹ አገር ሄዷል ብለው አመኑ። መስኮቱ ግን ስሙ ወጣ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቃል፣ አንዳንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። የሰፈሩ ሴቶች ቁራጭ ለመለመን በሯን ያንኳኳሉ፤ እሷም እዚያው በሩ ላይ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ጋሽ ወንድይራድስ እንዴት ነው ይሏት ነበር። ቆይቶ ጥያቄው ሁሉ ስለ ውኃውና ስለ አፈሩ ብቻ ሆነ።

ጥሩወርቅ ባሏን አልበደለችም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ አታስብም ነበር። በእጇ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየሰዓቱ ታገላብጠዋለች። አንድ ቀን እንኳ አላስታጎለችም። እሱ ደግሞ ከአልጋው ሆኖ የቅጠሎቹን ጀርባ ሲያይ ይውላል። በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ድምፅ ይሰማል። ይህ የእገሌ ሳቅ ነው፣ ይህች የእነ እገሌ ልጅ ናት እያለ በልቡ ይለያቸዋል፤ ድምፁ ግን ከመንገዱ አይደርስም። ቀስ በቀስ ምግብ እየቀነሰ መጣ። ሐኪሙ እጅህን አፍታታው ብሎ ያሳየውንም እንቅስቃሴ ተወው። እሷ በሽታው እየጸናበት ነው ብላ አዘነች። እንዲህ ስምንት ወር አለፈ።

በስምንተኛው ወር መጨረሻ ጥሩወርቅ የመስኮቱ የላይኛው ክፍል ገና ክፍት መሆኑን አስተዋለች። ረጅም ሰው ቢንጠራራ ወደ ውስጥ ያያል። ሦስተኛ ደርብ ለማስጨመር ደምለው የሚባል አናጺ ጠራች። ደምለው መደርደሪያውን አየና እንጨቱ ከውኃው የተነሣ መጉበጡን ነገራት፤ የአበባ ማሰሮዎቹ ሁሉ ወርደው መደርደሪያው እንደገና መሠራት አለበት፣ ሁለት ቀን ይፈጃል አላት። እያመነታች ተስማማች። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ግቢው አወጡ። እሷ አፈርና ተጨማሪ ማሰሮ ልትገዛ ገበያ ሄደች።

ደምለው በአልጋው ላይ የተኛውን ሰው አወቀው። እሱም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ጎንበስ ብሎ እጁን ሳመና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እንጨት ይለካ ጀመር። በዚህ መካከል ባልቻ የሚባለው የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ዘበኛ በምርኩዙ እየተደገፈ በመንገዱ ሲያልፍ፣ ባዶውን መስኮት አይቶ አበቦቹ የት ገቡ ብሎ ቆመ። ወደ ውስጥ ሲመለከት ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ባልቻ አላለቀሰም፣ አፉንም አልያዘም። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ምርኩዙን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ባርኔጣውን አወለቀ።

"መምህር፣ እንደምን ዋሉ?" አለ።

ወንድይራድ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና አነሣው። ስምንት ወር ሙሉ እጁን እንዲህ ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር።

"ባልቻ" አለ፤ ቃሉ ሲወጣ ጊዜ ወሰደ። "ጉልበትህ... እንዴት ነው?"

ባልቻ ስለ ጉልበቱ ነገረው። ብርድ ሲሆን እንደሚብስበት፣ ልጁ ያመጣችለት ቅባት ምንም እንዳልረዳው፣ ዳገቱን በሁለት ዕረፍት እንደሚወጣው አወራለት። ወንድይራድ ይሰማል፤ አንዳንዴ አንድ ቃል ይመልሳል። ያን ያዩ ሌሎች መንገደኞችም ቆሙ። አንዷ አሁን ራሷ መምህርት የሆነች የቀድሞ ተማሪው ነበረች፤ አንዱ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ የአንዱን ስም ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተውና ሰውዬው ራሱ ነገረው።

ጥሩወርቅ ከገበያ ስትመለስ መስኮቷ ላይ ስድስት ሰው ቆሞ አገኘች። ፊቷ ተለዋወጠ። ሰዎቹን በትሕትና፣ ግን በአጭሩ ሸኘቻቸው። ወደ ቤት ገብታ ደምለውን ሥራውን ዛሬውኑ እንዲጨርስ፣ ካልሆነም የድሮውን መደርደሪያ እንዳለ መልሶ እንዲያቆምላት አዘዘችው። ደምለው ሳንቃውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ተይው" አለ ወንድይራድ ከአልጋው።

"ደክሞሃል። አሁን ትንሽ ተኛ።"

"እነዚያን በየሳምንቱ... ታዞሪያቸዋለሽ" አለ ወደ ግቢው በእጁ እያመለከተ። "ሁሉም ጎናቸው ፀሐይ እንዲያገኝ። እኔን ግን... ደበቅሽኝ።"

"ክብርህን ልጠብቅልህ ብዬ ነው እኮ። ሰው እንዲህ ሆነህ ሲያይህ አንጀቴ አልችል አለ። አንተስ ያን ቀን ወደ ግድግዳ ዞረህ አልነበረም?"

ወንድይራድ ትንፋሹን ሰበሰበ። የሚቀጥለውን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ሁለቱም ጠበቁት።

"ያን ቀን አፍሬ ነበር። ከዚያ ግን... አለፈልኝ። አንቺ አልጠየቅሽኝም።"

ጥሩወርቅ በሳንቃዎቹ ክምር ላይ ተቀመጠች። ስምንት ወር ሙሉ ርቦሃል ወይ፣ አሞሃል ወይ፣ ላገላብጥህ ወይ ብላ ስትጠይቀው ኖራለች። ከዚህ ሌላ ግን አንድም ነገር ጠይቃው እንደማታውቅ ያኔ ገባት። ሌላም ነገር ገባት፤ ይህኛው ይበልጥ ከበዳት። በዚያች ከተማ ስትኖር ሰው ሁሉ የሚያውቃት የዚያ ብርቱ ሰው ሚስት ብሎ ነው። የሁለቱን ሴቶች ዓይን መቋቋም ያቃታት እሷ ነበረች። የሸፈነችው የራሷን ሐፍረት ነው፤ ከሽፋኑ ጀርባ የቀረው ግን እሱ ነው።

ቀና አለች።

"እንዴት ይሁንልህ?" አለችው።

እሱም ነገራት። አበቦቹን አልጠላቸውም፤ እንዲያውም ሐምራዊ የምታብበዋ ከራስጌው ብትሆን ይወዳል። የፈለገው መንገዱን ማየት ብቻ ነበር። ደምለው የመደርደሪያውን እግሮች ቆርጦ ከመስኮቱ ደፍ በታች እንዲሆን አደረገው፤ አልጋውንም ከራስጌው በኩል በእንጨት ከፍ አደረገለት። አብዛኞቹን አበቦች ጥሩወርቅ ለጎረቤት አደለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት አይደለም። ወንድይራድ ዳግመኛ አልተራመደም። መስኮቱ ጋ ቆሞ እንደ ትርኢት የሚያየውም አልጠፋም፤ አንድ ሰካራም አነጋገሩን አስመስሎ ሲስቅበት ጥሩወርቅ በንዴት ልትወጣ ስትል እሱ በእጁ አስቀርቷታል። ግን መብላት ጀመረ። እጁን ማፍታታት ጀመረ፤ ኋላ ላይ ብርጭቆ በራሱ መያዝ ቻለ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ መምህራን ሳይሳለሙት አያልፉም። አንዴ በመሬት ድንበር ተጣልተው ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች እዚያ መስኮት ላይ ቆመው እሱ በተቆራረጡ ቃላት ሲመክራቸው ታርቀዋል።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ። በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ጠዋት ሕመሙ ተመልሶበት ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው መንገዱ ላይ ተቀመጠ። የመጣው ሁሉ ወንድይራድ መስኮቱ ላይ ሆኖ ያለውን፣ የጠየቀውን፣ የመከረውን ይነጋገር ነበር። ሴቶቹ ጥሩወርቅን ሊያጽናኑ፣ እንዳንቺ ባሏን ያስታመመ የለም፣ ምንም የሚቆጭሽ ነገር የለም አሏት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። አጥቤዋለሁ፣ አብልቼዋለሁ፣ አገላብጬዋለሁ አለቻቸው። ያም ሆኖ ስምንት ወር ከሰው ለይቼዋለሁ፤ ያቺን ስምንት ወር ማንም አይመልስልኝም፣ ለእሱም አልተመለሰለትም አለች።

ወገኖቼ፣ የምንወደውን ሰው የምንጎዳው በክፋት ብቻ አይደለም። ለእሱ ብለን፣ በእሱ ፋንታ ስንወስንም እንጎዳዋለን። የታመመ፣ ያረጀ ወይም ጉልበቱ የከዳው ሰው አጥቢና አጉራሽ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ሰላም የሚለው፣ ደግሞም እሱ መልሶ እንዴት ነህ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ክብሩን የምንጠብቅለት ከሰው ዓይን በመሰወር ሳይሆን፣ ስለ ራሱ ሕይወት የመጨረሻውን ቃል ለእሱ በመተው ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ አጠገቡ ተቀምጦ መጠየቅና መልሱ እስኪወጣ መታገሥ ብቻ ነው።

እናንተስ? ለእሱ ይሻላል፣ ለእሷ ይሻላል ብላችሁ የወሰናችሁለት ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ምን እንደሚሻለው ከራሱ አፍ የሰማችሁት መቼ ነው?