ዶሮዎች የወረሱት መደብ

ቀረብ በሉ፤ እዚያ ጥግ ላይ የምትንሾካሾኩትም ቀረብ በሉ። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። የኔ ቅድመ አያት ገና ድክ ድክ ሲሉ፣ ሸንበቆ በርም ከረግረጉ በላይ የተቀመጠች ጥቂት ጎጆ ብቻ ሳለች፣ ተዋቡ የምትባል ሴት ነበረች። መሬት የላትም። በሬ የላትም። ባሏም ገና በልጅነቷ ሞቶባታል። ሙያዋ ገሳ መሥራት ነበር፤ ሰው ለዝናብ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገውን የሣር ካባ። ከረግረጉ ሣር ታጭዳለች፣ ታደርቃለች፣ ትጎነጉናለች። ክረምት ሲገባ የመንደሩ ሰው ሁሉ የተዋቡን እጅ ሥራ ለብሶ ይወጣል።

በዚያ ዘመን ሸንበቆ በር አንድ ልማድ ነበራት። ያረጀ ሰው በሰው ፊት አንድ ጊዜ የተደናቀፈ እንደሆነ መንደሩ ደቦ ይወጣል። ጭቃ ይረገጣል፣ ድንጋይ ይቀባበላል፣ በዚያ ሰው ቤት ውስጥ ከምድጃው ጀርባ ሰፊ መደብ ይሠራል። አጎዛ ይነጠፍበታል። «በቃዎት፣ ይረፉ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ውሃውም እዚያው፣ እህሉም እዚያው ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ፍቅር ነበር። ግን ልንገራችሁ፣ ያ መደብ ሰው ይበላ ነበር። የተቀመጠበት ሰው መጀመሪያ እግሩ ይከብደዋል። ከዚያ እህል ያስጠላዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ካዞረ ደግሞ ብዙም አይቆይ። ሰዉም «ዕድሜው ነው» ብሎ ይቀብረዋል። ዕድሜ ብቻውን እንዳልሆነ ማን ይንገረው!

ተዋቡ፣ ፈንቴ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ከአንድ እናት ከወጡት ሁሉ የቀሩት እሱና እሷ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም አርጅተዋል። ፈንቴ ከወንዙ ማዶ ይኖራል፤ ንብ አናቢ ነው፣ ሲስቅ ሳቁ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። አንድ ቀን ቀፎ ሊሰቅል ሲል ተንሸራተተ። ሰው አየው። ማዶም ልማዱ ያው ነውና ደቦው ወጣ፣ መደቡ ተሠራ፣ ፈንቴም ተቀመጠ። ያ ሳቅ ጠፋ። ተዋቡ ጠዋት ጠዋት ወደ ማዶ ጆሮዋን ትጥላለች፤ ምንም የለም።

ብዙም ሳይቆይ እሷም የሣር ሸክም እንደያዘች በሰው ፊት ተደናቀፈች። ደቦው መጣ። ተዋቡ አልተቆጣችም። ንፍሮ አቀረበች፣ እየቀለደች አሠራቻቸው። ሲጨርሱ የደቦው መሪ ጓንጉል አጎዛውን አነጠፈና «በሉ እመት፣ ይቀመጡ» አላት።

መደቡን ዞር ብላ አየችው። «እጃችሁ ይባረክ! እንዲህ ያለ መደብ ንጉሥ ቤትም አይገኝ።» ይህን ብላ ወጣች፤ የታቀፈች ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ይዛ ገባችና አጎዛው መሐል አስቀመጠቻት። «ይቺ ምስኪን በሸለምጥማጥ ፍራቻ እንቅልፍ አጥታለች። እሷ ትረፍ። እኔ ሣሬ ሜዳ ላይ ነው።»

ጓንጉል ደነገጠ። «ኧረ እመት! አሮጊቷን ሣር ያሳጭዳሉ ብሎ ሰው ያማናል እኮ!»

«አሮጊቷ ሣር ታጭዳለች በሏቸው፤ እውነት ነው» አለችና ማጭዷን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋቡ ማለዳ በሯን ስትከፍት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ራሷን ትጠይቃለች፦ «ተዋቡ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?» ለራሷም ትመልሳለች። አንዳንድ ቀን ወደ ረግረጉ ነው። አንዳንድ ቀን የወለደች ጎረቤት ለመጠየቅ ነው። ጉልበቷ የከፋ ቀን ደግሞ እስከ ዋርካው ጥላ ብቻ ነው። አያማትም ነበር እንዳትሉኝ። ያማታል። «ጉልበቴ የድርሻውን ይውሰድ፤ ቀኔን ሁሉ ግን አልሰጠውም» ትል ነበር።

ክረምት ገባ። ተዋቡ ጭቃ አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረላት። ሰዎቹም ዶሮዎቹን አባረሩና እሷን መደቡ ላይ አስተኟት፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር። እዚህ ላይ ተዋቡ አለቀሰች። አዎ፣ አለቀሰች፤ ጀግና አያለቅስም ያላችሁ ማን ነው? ግድግዳው ጸጥ ያለ ነው። ምንም አይጠይቅም። ዓይኗን ከድና እንዲያው ዝም ብትል እንዴት እንደሚቀል ተሰማት፤ ያ መቅለሉ ነው ያስደነገጣት። ፈንቴ በዚሁ በኩል እንደሄደ ገባት። እኔ እዚህ ከቀረሁ ማን ይሄድለታል? ስትል አሰበች።

«ጓንጉል!» ብላ ጮኸች። «ና አዙረኝ! ፊቴን ወደ በሩ አድርግልኝ!»

አዞሯት። በሩንም ከፈቱላት። በማግስቱ «ዛሬስ ወዴት ነው?» አለች። «ወደ በሩ፣ በዓይኔ።» በዓይኗ ሄደች። አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠራች፣ የላሟን መውለድ፣ የወንዙን መሙላት ጠየቀች። ሌላ ቀን የእግሯን ጣቶች አነቃነቀች፤ የዚያን ቀን መንገድ እሱ ነበር። ሌላ ቀን ሣር አምጡልኝ አለች። ተጋድማ መጎንጎን ጀመረች።

«ለማን ነው?» አሏት።

«ለፈንቴ። ለመጪው ክረምት።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፈንቴ ለመጪው ክረምት ይደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ክረምቱ ወጣ፣ እግሯ ተፈታ። እንደ ድሮው አልሆነም፤ አጠር ብሎ ቀረ። ተዋቡ ምርኩዝ ቆረጠች፣ ዶሮዎቿን ወደ መደባቸው መለሰች። በዚያው ሰሞን ከማዶ ወሬ መጣ። ፈንቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። እህል እምቢ ብሏል። ዘመዶቹም ለተዝካሩ ጌሾ ወቅጠው ጠላውን ጠምቀውታል።

ተዋቡ ገሳውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች። ጎረምሶቹ በቃሬዛ እንሸከምዎት ብለው ተንጋጉ። «ብትሸከሙኝ እሱ ምን ያያል?» አለቻቸው። ወንዙን ድንጋይ ለድንጋይ ተሻገረች። ዳገቱ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተቀመጠች። አንድ ወንድሟ ነውና ሳልደርስ ቢሞትስ እያለች ፈራች። ግን ደረሰች።

ቤቱ ጨልሟል። ጋኖቹ ተደርድረዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ፈንቴ መደቡ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ተዋቡ አጠገቡ ሄዳ፣ «ፈንቴ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?» አለችው።

ፈንቴ ግድግዳውን እያየ፣ «ወደ መቃብር ነዋ፣ እታለም። ሌላ ወዴት ይሆናል?» አላት።

«መቃብር? እሱማ ሩቅ ነው!» አለች ተዋቡ። «ዳገትም አለው። በዚህ እግርህ መንገድ ላይ ትቀራለህ። ገና ብዙ መለማመድ አለብህ። እስቲ መጀመሪያ እስከ በሩ እንሞክር።»

የፈንቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ነፍሱ የወጣች መሰላቸው፤ አንዷም ዋይታ ጀመረች። ለካ እየሳቀ ኖሯል! እየሳቀ ዞረ። ሲዞር ምርኩዟን አየ፣ ያጠረ እግሯን አየ።

«እግርሽ ምን ሆነ?»

«ተሰበረ።»

«ታዲያ በምን መጣሽ?»

«በሱው» አለችው።

ፈንቴ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሲጨርስ እጁን ዘረጋላት። የዚያን ቀን እስከ በሩ ሄዱ፤ ከዚያ አላለፉም። ፀሐይ ሲያይ ዓይኑ ተጭበረበረ። በማግስቱ እስከ አጥሩ ሄዱ። እያለ እያለ ቀፎው የተሰቀለበት ዛፍ ሥር ደረሱ፤ ንቦቹም አልጠፉም ነበር።

የተጠመቀው ጠላስ ምን ይሁን? ይደፋ? ተቀዳ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ የጠጣ ፈንቴ ራሱ ነው። የራሱን ተዝካር ጠጣ! ሳቁም ወንዙን ተሻገረ። ሸንበቆ በር ያሉት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሰምተው፣ የገዛ ተዝካሩን የሚጠጣ ሰውማ ሳናይ አንቀርም ብለው ከየመደባቸው ወረዱ። አንዱ አንዱን ደግፎ፣ አንዱ በአንዱ እየሳቀ ወንዝ ተሻገሩ። ሲመለሱ ወደ መደቡ የወጣ ጥቂት ነው።

ፈንቴ መጪውን ክረምት ደረሰ። ገሳውን ለበሰው። ከዚያ በኋላም ብዙ ክረምት ለበሰው። ሁለቱም ይበልጥ አረጁ፤ ታመሙም፣ ዳኑም። ሰው ናቸውና ቀኑ ሲደርስ ተዋቡ ሞተች፤ አመሻሹ ላይ ከረግረጉ ስትመለስ፣ ዋርካው ጥላ ሥር አረፍ እንዳለች። የጀመረችው ገሳ እቅፏ ላይ ነበር። ፈንቴ ያን ገሳ በገዛ እጁ ጨረሰው። በቀብሯ ቀንም ለብሶት ከቃሬዛው ፊት ፊት ሄደ። ያን የመቃብር ዳገት ወጣው፣ እህቱን ቀበረ፣ በእግሩ ተመለሰ። ጓንጉል ተገርሞ፣ «አያ ፈንቴ፣ እንዴት ቻሉት?» ቢለው፣ «እሷ እንዳዘዘችኝ፣ ስለማመድ ነው የኖርኩት» አለው።

ይኸው እስከ ዛሬ በሸንበቆ በር ላረጀ ሰው መደብ ይሠራለታል፤ ግን ከበሩ ውጭ፣ መንገዱን የሚያይ፣ ሰው የማያስተኛ ጠባብ መደብ ነው። አስቀድማ የምትቀመጥበትም ዶሮ ናት። ባለቤቱ ደግሞ ለመጪው ክረምት አዲስ ገሳ ይቀበላል። አዛውንትን ስናገኝም አረፉ ወይ አንልም፤ «ዛሬስ ወዴት ነው?» እንላለን። የተጠየቀም መልስ አያጣም።

እኔንም ዛሬ ጠዋት ጠይቀውኛል። «የተዋቡን ነገር ለልጆቹ ልነግር» ብዬ ነው በዚህ ጉልበቴ ዳገቱን የወጣሁት።