የባል ስም የሚጠራበት ደጅ

ከአዋሽ ቆላ በላይ፣ ቁልቋል አፋፍ በምትባለው መንደር፣ ምድር በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሚስቶች ደጅ ወጥተው ባሎቻቸውን በስማቸው ይጠራሉ። በሌላው ቀን ስሙን ማንሳት ነውር ስለሆነ «አንቱ» ይሉታል እንጂ በስሙ አይጠሩትም። የልማዱ መነሻ የሻረግ የምትባል ሴት ናት ይባላል።

እንደሚነገረው፣ የሻረግ ምድሩ ከማይናወጥበት ደጋ የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ እዚህ ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ዕቃው ሲንኳኳና ከግድግዳው አፈር ሲረግፍ ወደ ደጅ ትሮጥ ነበር። ጎረቤት ይስቅባታል። ባሏ ሸዋቀና ግን «አንቱ፣ ይውጡ» ባለችው ቁጥር፣ አደጋውን ባያምንበትም፣ እንዳትሸበር ብሎ ይወጣላት ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እሷ ደጅ በርበሬ ስታሰጣ፣ ሸዋቀና፣ እግራቸው የደከመው አባቱና ጓንጉል የሚባል ጎረቤት ቤት ውስጥ ምሳ ቀርበው ሳለ ምድር ተናወጠች።

«አንቱ፣ ይውጡ!» አለች።

ጓንጉል ከገበታው ሳይነሣ፣ «ተቀመጡ፤ ምድርም ጎኗን ሲደክማት ትገላበጣለች» ብሎ ቀለደ። ንውጥውጡ ግን እንደ ወትሮው አልቆም አለ። ሦስቱንም «አንቱ» ትላቸው ስለነበር፣ ሸዋቀና አባቱን የጠራች መስሎት ሽማግሌውን ተሸክሞ አወጣና ለእንግዳው ተመለሰ። ደግማ «አንቱ!» ብትል ጓንጉልን መሰለው፤ ትከሻውን ይዞ ከፊቱ ገፍቶ አስወጣው። ያን ጊዜ ስሙ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ አማቷ ግን አጠገቧ ቆመዋልና ነውሩ አፏን ያዛት። በመጨረሻ አፏን ስትከፍት፣ እሱ ገና ሳይወጣ፣ የኋላው ግድግዳ ከነጣሪያው ወራጅ ወደ ውስጥ ተናደ።

«ሸዋቀና» አለች፣ ከአቧራው ፊት ቆማ። ሰዉ ድንጋዩን ሲያነሣ ውሎ እስኪያገኘው ድረስ ስሙን አላቋረጠችም።

ከቀብር መልስ አማቷ፣ «ልጄ፣ በስሙ ብትጠሪው ማን ይቆጣሽ ነበር?» አሏት።

«እርስዎ ቆመው ነበር፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌውም ታናሽ ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ሙሽራይቱ ደፉን ከመርገጧ በፊት ደጅ አቆሟትና፣ አንደበቷ እንዲለምደው፣ የባሏን ስም ሦስት ጊዜ አስጠሯት።

እስከ ዛሬም እያንዳንዷ ሙሽራ እንዲሁ ታደርጋለች። የእንስራው ውኃ ብቻ በሚወዛወዝባት ትንሽ መንቀጥቀጥ እንኳ ከየደጁ ስም ይሰማል፤ ባሎችም «አለሁ» እያሉ ይወጣሉ። ባሏ የሞተባትም ትጠራለች። ዝም በይ የሚላት የለም፤ እሷ ጠርታ እስክትጨርስ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም።