ሙሉ ላይ የተተወው ቮልዩም

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ይዞር ነበር። ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለላት አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። የጊታር አምፕሊፋየር ቮልዩም ናት፤ ባለሙያዎች ፖቴንሽዮሜትር ይሏታል። ድምፅ የምንጨምርበትና የምንቀንስበት ቁልፍ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

"እንደዚህች ያለ አላችሁ?" ይላል። አንዱ ያወጣለታል፤ ዘንጉ ያጥራል። ሌላው ያወጣለታል፤ የሬዲዮ ነው፣ አይገጥምም። ሌላው ደግሞ አየት አደረጋትና ሳቀ፦ "ይቺማ የአባቴ ዘመን ናት!"

ሰውዬው ላምቢሶ ይባላል፤ ከሆሳዕና የመጣ የቤተ ክርስቲያን ጊታር ተጫዋች ነው። ምሳ አልበላም፣ እግሩ ዝሏል፣ ግን አይመለስም።

በመጨረሻ ሸምሱ ከሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ደረሰ። ሸምሱ የተበላሹ አምፕሊፋየሮች ክምር ውስጥ ሲፈልግለት ቆየና ታከተው።

"ወንድሜ፣ ለዚህች ብለህ ነው እንዲህ የምትንከራተተው? ሙሉ ላይ አድርገህ ተጫወትበት እንጂ! ሰው የሚፈልገው መጮሁን አይደል?"

ላምቢሶ ዕቃዋን መልሶ በጨርቅ እየጠቀለለ፣ "ሙሉ ላይ ትተነው ነው ሰው የሞተብን" አለው።

እንዴት አትሉኝም? ልንገራችሁ።

ያቺ ቮልዩም ውስጧ ተፍቆ ነበር። ቁልፏን ሲነኳት ድምፁ ይንጫጫል፣ ጆሮ ይበጥሳል። አንድ እሁድ በጸሎት መካከል ተንጫጫና ሽማግሌዎቹ ላምቢሶን ተቆጡት። "ሁለተኛ እንዳትነካው!" አሉት። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ላይ ተተወች። ማን ቅር አለው? ማንም! እንዲያውም "አምልኮው ሞቀ" ተባለ። ላምቢሶም ደስ አለው። እውነቱን እንነጋገር፣ መሰማት ማን ይጠላል?

ወጉን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰው ለምስክርነት ሲቆም ጊታር ከሥር ያጅበዋል፤ ጉባኤው በየመሐሉ "አሜን!" ይላል።

አንድ እሁድ ሽታዬ የምትባል ሴት ከመቀመጫዋ ተነሳች። ማይክ የሰጣት የለም፤ ድምጿ ደግሞ ቀጭን ነው። ላምቢሶ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ እንባዋን ያያል፣ ቃሏን ግን የገዛ ጊታሩ ዋጠበት። እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ቁጣው ትዝ አለውና መለሰው። ጣቱን ማቆም ይችል ነበር፤ ግን ጊታር ዝም ካለ የአምልኮ መሪው ይገላምጠዋል። ስለዚህ መጫወቱን ቀጠለ።

ጉባኤው እንባዋን አየ። የምስጋና እንባ መሰለው። "አሜን!" አለ። ደግማ ተናገረች። "አሜን! ሃሌ ሉያ!" ብሎ አጨበጨበላት። ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና ቁጭ አለች። ጉባኤው ሲያልቅ ወደ ቤቷ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ባሏ ገደላት።

ላምቢሶ የተናገረችውን የሰማው ልቅሶ ቤት ነው። አጠገቧ ተቀምጠው የነበሩት እማማ ታደለች ደረታቸውን እየመቱ ተናገሩ።

"'ባሌ ሊገድለኝ ዝቷል፤ ዛሬ ቤቴ አልመለስም፤ ማን ያሳድረኛል?' ነው ያለችው፣ ልጆቼ። እኔ ሰምቻለሁ! ግን ሰው ሁሉ አሜን ሲል፣ ጆሮዬ የተሳሳተ መሰለኝና እኔም አሜን አልኩ።"

ማን ያሳድረኛል? አሜን! ማን ያሳድረኛል? ሃሌ ሉያ!

ሸምሱ ይህን ሰምቶ ተመልሶ ክምሩ ውስጥ ገባ። ከሥር አንድ የዛገ አምፕሊፋየር ጎትቶ አወጣ፣ ፈታታው፣ ልክ እንደዚያችው ያለች ቮልዩም ነቅሎ በላምቢሶ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

ላምቢሶ አገሩ ገብቶ ገጠማት። እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ቁልፏን ዝቅ፣ ዝቅ አደረጋት። አልተንጫጫችም። አዳራሹ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። የሚመሰክር ግን አልተነሳም። የሽታዬ ቦታ ባዶውን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገራችን ሰው። ላምቢሶ ጊታሩን እንዳቀፈ አለቀሰ።

እናንተስ? እኛስ? ያን አምፕሊፋየር ለመውቀስ አትቸኩሉ። አንተ አባት፣ ልጅህ ሊነግርህ አፉን ሲከፍት ምክርህ ሙሉ ላይ አይደለም ወይ? አንቺ እህቴ፣ ጎረቤትሽ በር ላይ ቆማ ስታመነታ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለሽ አልሸኘሻትም? እኛ አገልጋዮችስ? መዝሙራችን ሞቀ ብለን ስንደሰት የስንቱን ጩኸት ዋጥን? ያልሰማነውን አሜን ብለን የስንቱን ሞት አጸደቅን?

የተፈቀው የእኛ ውስጥ ነው፣ ወገኖቼ። ቢነኩን እንንጫጫለን። ስለዚህ የሚነካን የለም።

ዛሬ ለዚህ ቃል አሜን አትበሉኝ። ተዉኝ። ከአጠገባችሁ ያለውን ሰው ፊቱን እዩት።

አንተም ከኋላዬ የምታጅበኝ ወንድሜ፣ ጊታሩን አቁምልኝ።

መናገር የሚፈልግ ሰው ካለ፣ እንጠብቃለን።