ሁለት አፍንጫ ያላት ጠገራ ብር

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መሪጌታ። ይህን ያሉት አንጓች የምትባል እናት፣ «ልጄ በግራዋ ካልሆነ አልጽፍ አለች፤ እጇን ልሰረው ወይስ ልተወው?» ብላ ስትጠይቃቸው ነው።

ገበሬው ከአባቱ አንዲት ጠገራ ብር ወረሰ። ሲያትሟት ማኅተሙ ሸርተት ብሎ ሁለት ጊዜ አርፎባት ኖሮ፣ በላይዋ የተቀረጸችው ንግሥት አፍንጫዋ ሁለት፣ አገጯም ሁለት ነበረ። ገበያ ሲያወጣት ነጋዴዎቹ ይሥቁበታል። «ይቺማ ጉንፋን የያዛት ቀን ምን ይውጣታል?» ይሉታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብኖር አብሬ እሥቅ ነበር።

ሰውየው አፈረ። አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ «እንደ ሰው ብር አድርግልኝ» አለው። አንጥረኛው እጀ ብልህ ነው፤ ለምን ብሎ ግን አልጠየቀም። ትርፉን አፍንጫ በሞረድ ፋቀው፣ አገጩንም አስተካከለው። ከዚያ ወዲያ የሣቀባት የለም።

በሦስተኛው ዓመት አንደኛው በሬው ሞተ። የሚያቀናጀው ጎረቤት አጣ፤ ዝናቡም ደረሰ። በዚያው ሰሞን አንድ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ገበያ መጣ። በእጁ የያዘው ሥዕል ሁለት አፍንጫ ያላትን ብር ያሳያል። «በስሕተት የታተሙ ናቸው፤ በጣም ጥቂት ናቸው። ላመጣልኝ ሰው ጥንድ በሬ እገዛለታለሁ» አለ።

ገበሬው ሮጦ ሄዶ ብሩን አመጣ። ሰብሳቢው ወደ ብርሃን አዞራት፣ የተፋቀውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «እዚህ ጋ ነበረ» ብሎ ብሯን መለሰለት። ገበሬው የሚቆጣው ሰው እንኳ አልነበረውም፤ ያስፋቃት ራሱ ነው። በዚያ ክረምት መሬቱ ጦሙን አደረ።

መሪጌታ ወደ አንጓች ዞሩ።

«ብሯ ልጅሽ ናት። ገበሬው አንቺ ነሽ፤ ደግነቱ ገና አላስፋቅሻትም። አንጥረኛው ደግሞ እኔ ነኝ። እናቶች እያመጡልኝ ሠላሳ ዓመት የልጆችን ግራ እጅ በመቀነት ሳስር ኖሬአለሁ። ከነዚያ አንዱ በግራው የመጽሐፍ ጌጥ የሆነውን ሐረግ ሲሥል ብራናው ላይ የበቀለ ይመስል ነበር። አሰርኩት። በቀኙ መጻፍ ለመደ፤ ሐረግ ግን ዳግመኛ አልሣለም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ባገኘኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ‹ሰው አደረጉኝ› ብሎ ያመሰግነኛል። እኔ ግን የማየው ግራ እጁን ነው።»