የምንጩ አሜን

ወሎ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ከጓሮዋ ምንጭ ይፈልቃል። የጎረቤቷ የዘሃራ ላም ጌሾዋን ስለበላችባት ተናደደችና የምንጩን መግቢያ በእሾህ አጠረችው። ከዚያ ወዲህ ዘሃራ ውሃ የምትቀዳው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጉዛ ነው፤ ያውም ነፍሰ ጡር ሆና።

ሽማግሌ ገባ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦

«ከአንድ ምንጭ ጠጥታችሁ አብራችሁ እርጁ!»

ሁሉም «አሜን!» አለ። ሴትዮዋም «አሜን!» አለች። ምርቃት ሲወርድ ዝም የሚል አፍ እኛ አገር የት አለ?

በማግስቱ ዘሃራ ጀሪካኗን ይዛ አጥሩ ፊት ቆማለች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ውሃ ነዋ! ትናንት አሜን ብለሽ የለም እንዴ?»

«አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ መች አልኩ!»

ይህን ብላ ወደ ንስሐ አባቷ ገሠገሠች። «አባ፣ የመረቁን ሼህ ናቸው። የሼህ ምርቃት ክርስቲያን ያስራል እንዴ?»

ቄሱ ሳቁ። «እሳቸው በዐረብኛው አሚን ይላሉ፣ እኛ አሜን እንላለን። ዕብራውያኑም አሜን ነው የሚሉት። ግእዛችን አምነ ይላል፤ በአማርኛ አመነ። እምነትም ታማኝም ከዚያው ቤት ናቸው። ለመሆኑ ዘሃራ ዕቃዋን ለሰው አደራ ስትሰጥ ምን ትላለች?»

«አማና።»

«እሱም ወንድማቸው ነው። ሥሩ መጽናት ነው፣ መታመን። ልጄ፣ አንዴ ተናግረሽ በአራት ቋንቋ ታስረሻል። በየትኛው በር ልትወጪ ነው?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፋችና ቀና አለች።

«የእኔስ አሜን ከማን ያንሳል?»

ሄዳ እሾሁን በገዛ እጇ ነቀለችው። ጀሪካኑን ራሷ ሞልታ፣ ራሷ ተሸክማ፣ ዘሃራ ደጅ አደረሰችው።

ወገኖቼ፣ እኔ በዚህች ሴት እኮራለሁ። በቃሉም እኮራለሁ። ስንት ሕዝብ አጽንቶ ይዞታል! ከሰው የተዋስነው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ አለ። ታዲያ እንዲህ ያለ ቃል በእኛ አፍ ይላላ?

እናንተስ? ከወንድማችሁ ጋር ታርቃችሁ አሜን አላችሁ። አጥራችሁ ፈርሷል? ለልጆቻችሁ፣ ለጎረቤቶቻችሁ አሜን አላችሁ። ጀሪካኑ ሞልቷል?

አሁን ልመርቃችሁ ነው። ቆዩ፣ ገና አሜን አትበሉ። መጀመሪያ እሾሃችሁ የት እንዳለ አስቡ።