የዶቢት ሳይረን ዝም ያለ ቀን

በዶቢት ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች፣ መፍትሔውን ራሱ አፍኖ ይዞ ሌላውን የሚማጠን ሰው ሲያዩ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለቻቸው። እንግዳ ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ትመስለዋለች። የለም፤ የተወለደችው በቅርቡ ነው፤ በግድቡ ጣቢያ ያለው ኮምፒውተር ድርቅ ብሎ በቀረበት በዚያ የነሐሴ ቀን ምክንያት።

ትርሲት የጣቢያው የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበረች። ወንዙ ውስጥ የተተከሉ መለኪያዎች የውሃውን ከፍታ ያለማቋረጥ ይልካሉ። ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍም ወደ ጎን ቦይ የሚያስወጣውን በር ይከፍታል፣ ታች ዶቢት መንደር ያለውን፣ በሽቦ የተያያዘውን ሳይረን ያስጮኻል። የመጣውን ሁሉ ለጊዜው ከሚያርፍበት ከሜሞሪ እያነሣ ዲስክ ላይ የሚጽፈውን ክፍል፣ የፋይል ሥርዓቱን ማለት ነው፣ የሠራችው እሷ ናት። መንደርተኛው ሳይረኑን ከማመኑ የተነሣ ወንዙን መቃኘት ትቶ ነበር። "እሱ ካልጮኸ ምን አለ?" ይላል።

የዚያን ቀን ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ አላባራም። የስልክ ኔትወርክም ጠፍቷል። ትርሲት ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተክላለች፤ ቁጥሩ ግን ከፍም ዝቅም አላለም።

"ውሃውስ ተረጋግቷል፤ ተመስገን ነው" አሉ የጣቢያው ኃላፊ አቶ መክብብ።

ወዲያው በሩ ተበረገደ። ጋቢያቸው ረጥቦ ገላቸው ላይ የተጣበቀ ሽማግሌ ገቡ። የታች ዶቢቱ አያ ጎበዜ ናቸው፤ ላይ አገር ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ነው።

"ምነው ሳይረናችሁ ዝም አለ?" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "መሻገሪያውን እኮ ውሃ ውጦታል! ዋርካው እስከ ወገቡ ሰጥሟል። ልጆቼ ታች ናቸው፤ የማልፍበት አጣሁ።"

"የለም አያ ጎበዜ፣ ቁጥሩ እኮ..." ብላ ትርሲት ወደ ስክሪኑ ጠቆመችና ጠጋ ብላ አየችው። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት ቆሟል። ከምሳ በፊት የነበረውን ሰዓት እንደያዘ ነው።

የተረጋጋው ውሃው አልነበረም።

የኮምፒውተሩ አስኳል፣ ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ የሚያዝዘው ዋናው ፕሮግራም፣ ጭንቅ ሲገጥመው የሚናገርበት ሌላ ትንሽ ስክሪን አለ። ጎንበስ ብላ አነበበችው።

"ምንድን ነው?" አሉ አቶ መክብብ።

"ዝናቡ ሲበረታ የሚመጣው ቁጥር በዛና ሜሞሪው ሞላ። አስኳሉ የእኔን ክፍል 'የያዝከውን ዲስክ ላይ ጽፈህ ቦታ ልቀቅ' ይለዋል። የእኔ ክፍል ደግሞ ለመጻፍ ትንሽ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ 'መጀመሪያ ቦታ ስጠኝ' ይላል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው። በሩን የሚከፍተውም፣ ሳይረኑን የሚያስጮኸውም ከኋላቸው ተሰልፈው ቆመዋል።"

"እስከ መቼ ነው የሚጠባበቁት?"

"ካልተለያዩ እስከ ዘላለም።"

"እንግዲያ አጥፊና አስነሺው!"

"ቢነሣም ያው የቁጥር ናዳ ነው የሚጠብቀው። ትንሽ ይሄድና እንደገና ይደርቃል። መጀመሪያ መታረም አለበት።"

አቶ መክብብ የዝናብ ልብሳቸውን አጠለቁ። "በሩን በእጅ ማንሻው እሞክራለሁ። ሳይረኑን ግን ካንቺ ሌላ የሚያስጮኸው የለም" ብለው ወደ ዶፉ ወጡ።

ትርሲት ላፕቶፗን ከፈተች። ወለሉ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ውጭ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ያጓራል። አያ ጎበዜ በመስኮቱ ቆመው በለሆሳስ ይጸልያሉ። እሷ የታችኛውን መንደር ታውቀዋለች፤ ከወንዙ አፋፍ ላይ የተደረደሩትን ቤቶች፣ ዝናቡን ሸሽተው ውስጥ የተሰበሰቡትን ሕፃናት። እንዳታስባቸው ብትታገልም ዓይኗ ላይ መጡባት።

ስሕተቱ ያለበትን ቦታ አገኘችው። የፋይል ሥርዓቱ ሌላ እንዳይነካው መዝገቡን ቆልፎ እየጻፈ ሳለ ሜሞሪ የሚጠይቅበት መስመር ነው። "ቆልፌ ሳለሁ ሜሞሪ ስጠይቅህ ቦታ ማስለቀቁን ወደ እኔ አትምራው፤ ከሌላ ፈልግልኝ" ብሎ አስኳሉን እንዲለው አድርጋ ጻፈችበት። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ሜሞሪም አስቀድሞ እንዲመደብለት አደረገች። አንድ ፊደል ሳተች፤ ላፕቶፑም አልቀበልም አላት። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አረመችው።

"ልጄ፣ ይደርስ ይሆን?" አሉ ሽማግሌው።

"አላውቅም አባቴ።"

ውሸት አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

የጣቢያውን ኮምፒውተር አጥፍታ፣ የታረመውን ጭና አስነሣችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁረቱ የሚያልቅ አልመሰላትም። በመጨረሻ ቁጥሩ ብቅ አለና ሽቅብ ተወረወረ፤ ከቀዩ መስመር አልፎ ሄደ። የሜሞሪው ምልክትም መሙላት ጀመረ። አፍ እስከ አፉ ደረሰ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎደለ፤ ዲስኩ እየጻፈ ነው።

ከታች፣ ከዝናቡ ባሻገር፣ ሳይረኑ ጮኸ። አያ ጎበዜ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

መንደርተኛው አቅመ ደካማውን በቃሬዛ፣ ሕፃኑን በጀርባ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣ። ጎርፉ የአፋፉን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ፤ የአያ ጎበዜም ቤት ከነጎተራው ሄደ፤ ከብቱም ብዙ አለቀ። ሰው ግን አልሞተም። አቶ መክብብ መዳፋቸው ተልጦ፣ በሩን እኩሌታ አንሥተው ተመለሱ፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ አነሣው።

ውሃው ሲጎድል ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ጣቢያው መልስ እንዲሰጥ ላኩ። ትርሲት ራሷ ወረደች። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ጭቃ የለበሰውን መሬት ስታይ ከጎርፉ ቀን ይልቅ ፈራች። አንዲት ቤቷ የፈረሰባት እናት ተነሥታ "ማስጠንቀቂያችን ለምን ዝም አለን?" አለቻት።

"ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ አንዱ ክፍል ቦታ ቸግሮት ቦታ ለመነ" አለች ትርሲት። "ቦታ ሊያስለቅቅለት የሚችለው ግን በእሱው ቤት በኩል ማለፍ አለበት። ቤቱ ተቆልፏል።"

"ማነው የቆለፈው?"

"ራሱ፤ የሚለምነው። እንዲህ አድርጌ የሠራሁትም እኔ ነኝ።"

ትርሲት እርግማን ጠብቃ አንገቷን ደፋች። አያ ጎበዜ ግን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ትከሻዋን ያዝ አድርገው ወደ ሕዝቡ ዞሩ፦ "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለልጆቻችሁ እንዲህ በሏቸው፤ ቁልፉን በኪስህ ይዘህ፣ ክፈቱልኝ ብለህ ደጅ አትጥና።"