የኤሊ ሽምግልና

«ተረት ላምጣ?»
«አምጣ፣ ብቻ ያለ ቁጣ።»

በአንድ ጫካ ውስጥ ሽማግሌ ነገሩን ሳይሰማ ቀንድ ማንሳት ነውር ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ኤሊ ነው። ነገር አዋቂ ቢሆንም በእግሩ ያፍራል፤ አንድ ቀን እስክደርስ ድረስ ደም ይፈሳል እያለ ይጨነቃል።

አንድ ጠዋት ጦጣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች መጣች።

«አያ ኤሊ፣ ተነሣ። ጎሽና ከርከሮ ‹ጭቃው የእኔ ነው› ተባብለው ሊዋጉ ነው።»

«እስክደርስ ይጠብቁኝ በያቸው» አለና ወዲያው መንገድ ጀመረ።

እየሄደ ንግግሩን አሰናዳ። መጀመሪያ ጎሽን «አንተ ትልቅ ነህ» ይለዋል፤ ቀጥሎ ከርከሮን «አንተ ጎረቤት ነህ» ይለዋል። ወይስ ከከርከሮ ይጀምር? ደጋግሞ አገላበጠው። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ድንጋዩ ጋለ፣ እሱ ግን ገና ዳገቱን አልጨረሰም። «ይኼኔ ተገዳድለዋል» አለ በልቡ።

ደክሞ ሲደርስ ጎሽና ከርከሮ እስከ አንገታቸው ጭቃው ውስጥ ተነክረው ይሳሳቃሉ።

«ማን ነው የበደለው?» አለ ኤሊ እያለከለከ።

«ማንን?» አለ ከርከሮ።

«ቆመን ስንጠብቅህ ጠራራው አቃጠለን፤ እግራችንን ለአፍታ እናርጥብ ብለን ገባን» አለ ጎሽ። «ና፣ ቦታ አለ።»

ኤሊ አንገቱን ቅርፊቱ ውስጥ ሸጎጠ። «ዛሬም ዘገየሁ። ሽምግልናውን ለጥንቸል ስጡልኝ።»

«ተው እንጂ አያ ኤሊ» አለች ጦጣ ከዛፉ ላይ። «ጥንቸልማ ቶሎ ትደርሳለች።»

ኤሊ ነገሩ አልገባውም፤ ጭቃው ግን ቀዝቃዛ ነበርና ገባ።

ተረቴ አለቀ፤ ያኮረፈም ሳቀ።